የጃፓን የበጋ በዓላት፦ ነጻው ጎዳና ላይ ውድ ወንበር ለምን ተቀመጠ?

በሐምሌና በነሐሴ ጃፓን ለመሄድ ያሰበ ሰው ስልኩን ሲከፍት ግራ ይጋባል። አንዱ ቪዲዮ «በዓሉ ጎዳና ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ሄዶ መቆም ብቻ ነው» ይለዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ዜና ደግሞ በኪዮቶ ከተማ የበዓል ሰልፍ ለማየት አንድ ወንበር 400,000 የን ለሽያጭ ቀረበ ይላል። በጊዜው ምንዛሪ 2,800 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጠዋት።

ሁለቱም እውነት ነው። የ400,000 የኑ ወንበር በ2023 በኪዮቶው የጊዮን በዓል ላይ ተሽጧል። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰሜን ጃፓን ውስጥ በአኦሞሪ ከተማ ለ8 ሰው የሚሆን ልዩ መመልከቻ በ1 ሚሊዮን የን ቀርቦ ነበር። በ2023 የቶኩሺማ ከተማም በታዋቂው የጭፈራ በዓሏ ላይ የ200,000 የን መቀመጫ አወጣች። ከእነዚህ ወንበሮች ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ የቆመው ሕዝብ ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም።

በጃፓን ለዚህ የሚሰጠው ፈጣን መልስ «ቱሪስት በዛ» የሚል ነው። ቁጥሩም ይህን የሚደግፍ ይመስላል። በ2024 ወደ 36.9 ሚሊዮን የውጭ ሰው ጃፓን ገብቷል፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ነው። የን ረክሶ ስለነበር ዶላር የያዘ ሰው እንደ ልቡ ይመነዝር ነበር። ቢሆንም ቱሪስቱ ሰበብ እንጂ ዋናው ምክንያት አይመስልም። እነዚህ በዓላት ለዘመናት የቆሙት በነጻ ጉልበትና በሰፈር መዋጮ ነው። ጉልበቱ ሲሳሳ ክፍተቱን ገንዘብ ሞላው። ገንዘቡ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ፦ የከፈለው ሰው የገዛው ምንድን ነው?

(በዚህ ጽሑፍ በቁጥር የተጻፉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከትርኢቱ በፊት ምን ነበር?

ጃፓኖች በዓሉን «ማትሱሪ» ይሉታል። ብዙው ማትሱሪ ሥሩ ሺንቶ ነው። ሺንቶ የአገሩ ጥንታዊ እምነት ሲሆን «ካሚ» የሚባሉ መለኮታዊ ኃይሎችን ያከብራል። ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት በዓል የበዛው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ያ ወቅት ድሮ ወረርሽኝ የሚገባበት፣ ጎርፍ የሚያስቸግርበት፣ ሩዙን ተባይ የሚያጠቃበት ነበር።

የጊዮን በዓል የመጣው ከዚህ ነው። በ869 በአገሩ ላይ ወረርሽኝ ወደቀ። ወረርሽኙን አመጡ የተባሉትን መናፍስት ቁጣ ለማብረድ በጊዜው በነበሩት የአገሪቱ አውራጃዎች ልክ 66 ረጃጅም ጦሮች ተተክለው ጸሎት ተደረገ። ዛሬ ኪዮቶ ውስጥ በጁላይ የሚታዩት ግዙፍ የእንጨት ሠረገሎች የእነዚያ ጦሮች የልጅ ልጆች ናቸው። በዓሉ ወሩን ሙሉ ይቆያል። ሠረገሎቹ የሚወጡት ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ጁላይ 17 እና ጁላይ 24።

ሁለተኛው ሥር «ኦቦን» ነው። ኦቦን የሙታን ነፍስ ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ ይጎበኛል ተብሎ የሚታመንበት የቡድሂስት ልማድ ነው። በአብዛኛው አገር ከኦገስት 13 እስከ 16 ይከበራል። ቶኪዮ አካባቢ ግን በጁላይ የሚያከብሩ አሉ፤ ጃፓን በ1873 የቀን አቆጣጠሯን ስትቀይር ግማሹ በአዲሱ ቀን ሄደ፣ ግማሹ በቀድሞው ወቅት ጸና። በየሰፈሩ ከእንጨት ማማ ዙሪያ የሚደረገው የክብ ጭፈራ ከኦቦን ጋር የተያያዘ ነው። ሚሊዮን ሰው የሚስበው የቶኩሺማው አዋ ኦዶሪም ከዚያው ወገን ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በጊዮን ጁላይ 17 ምሽት የካሚው ማደሪያ የሆኑ ሦስት «ሚኮሺ» ከያሳካ መቅደስ ይወጣሉ። ሚኮሺ በትከሻ የሚሸከሙት ትንሽ መቅደስ ነው። በሺጆ ጎዳና ወዳለው ጊዜያዊ ማረፊያቸው ይሄዱና እዚያ አንድ ሳምንት ቆይተው በ24 ይመለሳሉ። እምነቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ነገር ግን ታቦት ከመንበሩ ወጥቶ ጥምቀተ ባሕር ሲያድር ያየ ሰው፣ ሕዝቡ በዚያ ሰዓት ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አስረጂ አያስፈልገውም። የጊዮን ሠረገሎች፣ መስቀልና ጥምቀት ሦስቱም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው፤ ጊዮን ከ2009፣ መስቀል ከ2013፣ ጥምቀት ከ2019 ጀምሮ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ጎብኚ የሚያመልጠው ነገር አለ። ጠዋት የሚያልፈው የሠረገላ ሰልፍ በዋናነት መንገድ ማጽጃ ነው፤ ለማታው የካሚ ጉዞ ከተማዋን ያነጻል። ወንበር የሚሸጠው ለጠዋቱ ነው። ፎቶው የሚነሳው በጠዋቱ ነው። ማታ ተሸካሚዎቹ «ሆይቶ! ሆይቶ!» እያሉ ሚኮሺውን ሽቅብ ሲያነሱ ግን ብዙው ቱሪስት ሆቴሉ ገብቶ እግሩን ሰቅሏል።

አንድ ሠረገላ ስንት እጅ ይፈልጋል?

ጁላይ 17 ጠዋት በሺጆና በካዋራማቺ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የሚሆነውን ማየት ብቻ ብዙ ያስረዳል። ትልልቆቹ ሠረገሎች «ሆኮ» ይባላሉ። ቁመታቸው 25 ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸው እስከ 12 ቶን ይደርሳል። መሪ የላቸውም። የእንጨት ጎማቸው ወደፊትና ወደኋላ እንጂ ወደ ጎን አይዞርም። ታዲያ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ የተሰነጠቀ እርጥብ ቀርከሃ አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል። ውሃ ይደፋበታል። ጎማው ቀርከሃው ላይ ይወጣል። ከፊት የቆሙት ሰዎች ማራገቢያቸውን ዘርግተው ምልክት ሲሰጡ፣ ገመድ የያዙት ደርዘን ደርዘን ሰዎች ሠረገላውን ወደ ጎን ይስቡታል። አንዴ ስበው አይጨርሱም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ይሞክራሉ። ላይ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ያን ሁሉ ጊዜ ደወልና ዋሽንታቸውን አያቋርጡም።

ይህ የሚታየው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ሠረገላው በየሰፈሩ ጎዳና ላይ ለቀናት ይገጣጠማል። ዋናው አካሉ የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን በገመድ ነው። አስተሳሰሩን የሚያውቁ አናጢዎች አሉ፤ ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሻገረው። ሠረገላውን የያዘው ሰፈሩ ነው። ምንጣፉን፣ ጥልፉን፣ ጌጡን ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው ሰፈሩ ነው። ገንዘብ የሚያዋጣውም ሰፈሩ ነበር።

«ነበር» ያልነው ሰፈሩ ስለተቀየረ ነው። ማዕከላዊ ኪዮቶ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሆቴል ቆሞባቸዋል። አዲሱ ነዋሪ የሠረገላው ባለዕዳ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ከአገሩ ሁኔታ ጋር ሲደመር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ2024 በጃፓን የተወለዱ ጃፓናውያን ሕጻናት ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከ700,000 በታች ወርዷል። 12 ቶን የሚጎትት ጎረምሳ በቀላሉ አይገኝም።

ሰፈሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጎ ፈቃደኞችን ከውጭ ይቀበላሉ፤ ገመድ ከሚጎትቱት መሀል የውጭ አገር ሰዎችም ይታያሉ። የሠረገሎቹ ማኅበር ከ2017 ጀምሮ በኢንተርኔት መዋጮ ሰብስቧል። እንዲያውም የጊዮን ወሬ የመሞት ወሬ ብቻ አይደለም። በ1966 ከጁላይ 17 ጋር ተጠቃሎ የቀረው የ24ቱ ሰልፍ በ2014 ራሱን ችሎ ተመልሷል። በ1826 ከዝናብና ከንፋስ ጉዳት በኋላ ከሰልፍ የቀረ ሠረገላ በ2022 ዳግም ወጥቷል። ስም ያለው በዓል ረዳት አያጣም። የሚጎዱት ስም የሌላቸው የገጠር በዓላት ናቸው፤ እነሱ ጠባቂው ሲያረጅ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀራሉ።

የማይታየው ወጪ፦ ጥበቃ

የወንበሩን ዋጋ ለመረዳት ወደ ጁላይ 21፣ 2001 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት በአካሺ ከተማ ርችት ለማየት የወጣ ሕዝብ በአንድ የእግረኛ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ 11 ሰው ሞተ። ዘጠኙ ሕጻናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ፍሰት ጥበቃ በጃፓን ራሱን የቻለ የብቃት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሙያ ሆነ። በ2013 ደግሞ በፉኩቺያማ ከተማ የርችት ምሽት ላይ በአንድ ምግብ ሻጭ ዘንድ ቤንዚን ፈንድቶ 3 ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተቃጠሉ። እሳት የሚጠቀሙ የበዓል ሻጮች የእሳት ማጥፊያ እንዲይዙ የተገደዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ሕግ ትክክል ነው ብሎ መከራከር አያስቸግርም። ግን ወጪ አለው። ድሮ የሰፈር ሽማግሌ ፉጨት ይዞ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ደሞዝ የሚከፈለው ጠባቂ ቆሟል። አጥር፣ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ ኢንሹራንስ ሁሉም ደረሰኝ አለው። በዓሉ ግን በር የለውም፤ ቲኬት የሚቆረጥበት መግቢያ የለም።

ነገሩ ፊት ለፊት የታየው በኦገስት 2023 ቢዋ ሐይቅ ላይ ነው። የርችቱ አዘጋጆች በሐይቁ ዳርቻ 4 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር አቆሙ። ምክንያታቸው ሰው መንገድ ላይ እየቆመ እንዳይጨናነቅ የሚል ነበር። ውጤቱ ግን ያልከፈለ ሰው እንዳያይ ማድረግም ሆነ። የአካባቢው ነዋሪ ማኅበራት ተቃወሙ። ጭሱ፣ ጩኸቱና ቆሻሻው የእነሱ፣ ርችቱ የሌላ። አዘጋጆቹ ስለ ደኅንነት ያሉት ውሸት አይደለም። ነዋሪዎቹ ስለ ስሜታቸው ያሉትም ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ጸብ ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋ ብዙ አያስኬድም።

ወንበሩ ላይ የተነሳው ክርክር

ውድ ወንበር የሚደግፉት ሰዎች ሐሳብ ቀላል ነው። አቅም ያለው ይክፈል፣ ሌላው በነጻ ይይ፣ ገንዘቡ በዓሉን ያቁም። በኪዮቶ ልዩ መቀመጫው የተዘጋጀው ሰፊ በሆነው በኦይኬ ጎዳና ነው። አስጎብኚ፣ ጥላ፣ ምግብና መጠጥ አብሮ ነበረው። የቀረው መንገድ ለቆመ ሁሉ ክፍት ነው። በዚህ ዓይን ከታየ ማንም አልተጎዳም።

ተቃውሞው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በ2024 ቅር የተሰኙት የያሳካ መቅደስ ዋና ካህን ራሳቸው ነበሩ። ሥርዓቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጦ እየበሉና መጠጥ እየጠጡ ማየትን ነቀፉ። ነገሩ የአምልኮ ሥርዓት እንጂ የሚታይ ትርኢት አይደለም የሚል ነው ሐሳባቸው። ከከተማዋ የቱሪዝም ማኅበር የቦርድ አባልነትም ለቀቁ። መጠጥ በራሱ ለሺንቶ ነውር አይደለም፤ ሳኬ ለካሚው ራሱ ይቀርባል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ መጠጥ ብቻ አይመስልም። ማን ለማን እንደሚቀርብ ነው። በሥርዓቱ ሰው ለካሚው ያቀርባል። በወንበሩ ላይ ግን ሥርዓቱ ለሰው ይቀርባል።

የቶኩሺማው ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። አዋ ኦዶሪ ከኦገስት 12 እስከ 15 ይካሄዳል። ጨፋሪዎቹ «ሬን» በሚባሉ ቡድኖች ይደራጃሉ፣ ዓመት ሙሉ ይለማመዳሉ። በ2018 በዓሉን ከሚያዘጋጁት ወገኖች አንዱ የነበረው የቱሪዝም ማኅበር ከ400 ሚሊዮን የን በላይ ዕዳ ተቆልሎበት ከሰረ። ከተማው አዲስ ኮሚቴ አቋቁሞ ሒሳቡን አየ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ የምሽቱ ማሳረጊያ የሆነው ከ1,000 ሰው በላይ በአንድ ላይ የሚጨፍርበት ክፍል አንዱን መድረክ ጢም አድርጎ ይሞላል፤ ሌሎቹ መድረኮች ባዶ ወንበር ይዘው ያመሻሉ። እንግዲያው ይቅር ተባለ።

በቲኬት ሒሳብ ውሳኔው ስህተት የለውም። ጨፋሪዎቹ ግን አልተቀበሉትም። ኦገስት 13 ማታ መድረኩን ትተው ተራ ጎዳና ላይ ወጡና ጨፈሩት። በዚያ ምሽት ጎዳናው የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከተማው ወንበር መሸጥ ይችላል፣ ማስታወቂያ መሥራት ይችላል። ጭፈራውን ግን እነዚያ ሰዎች በነጻ ያመጡት ነው፤ ደሞዝተኛ ስላልሆኑ ማዘዝ አይቻልም። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ነው። በዓሉን ወደ ገበያ የወሰደው ወገን የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ አያመርትም።

ሙቀቱም ድርሻ አለው

ስለ ገንዘብ ሲወራ የሚረሳው ሌላ ነገር አየሩ ነው። በኦገስት 5፣ 2025 በኢሴሳኪ ከተማ 41.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ በጃፓን ታሪክ ከፍተኛው ነው። የጃፓን ሙቀት የአፋር ወይም የሪያድ ዓይነት ደረቅ ሙቀት አይደለም። እርጥበት አለው፣ ላብ አይደርቅም፣ ማታም አይበርድም።

በፉኩሺማ የሚካሄደው የሶማ ኖማኦይ በዓል ላይ የጥንት የጦር ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። በጁላይ 2023 በዓል ላይ ፈረሶች በሙቀት ታመሙ፣ ሁለት ሞቱ። አዘጋጆቹ ከ2024 ጀምሮ በዓሉን ወደ ሜይ መጨረሻ ወሰዱት። በኪዮቶም በ2018 ልጆች የሚሳተፉበት የጁላይ 24ቱ የአበባ ጃንጥላ ሰልፍ በሙቀት ምክንያት ተሰርዟል።

ሁሉም ግን እንደ ሶማ ቀን መቀየር አይችልም። የጊዮን 17 ከሥርዓቱ ጋር የታሰረ ነው። የኦቦን ጭፈራም ከኦቦን ርቆ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የሚቀየረው ሰዓቱ፣ ጥላው፣ የውሃ መቅጃው፣ የሕክምና ድንኳኑ ነው። ይህም ሌላ ደረሰኝ ነው። አንዳንድ ከተማ ደግሞ ተሳታፊ ፍለጋ በዓሉን ወደ ቅዳሜና እሁድ ገፍቶታል፤ ሰው በሥራ ቀን ፈቃድ አያገኝማ።

ተጓዡ የት ይቁም?

ውድ ወንበር መግዛት ኃጢአት አይደለም። እግሩን ለሚያመው፣ ትንሽ ልጅ ለያዘ፣ ሙቀት ለማይችል ሰው መቀመጫ የግድ ሊሆን ይችላል። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው በጥቂት ሺህ የን የሚሸጡ ወንበሮችም አሉ፤ ዜና የማይሆኑት እነሱ ናቸው። ግን ከወንበሩ የተሻለ ነገር በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ብዙ ሰው አያውቅም።

አኦሞሪን እንውሰድ። የኔቡታ በዓል ከኦገስት 2 እስከ 7 ነው። በሽቦ አጽም ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ተቀብቶ፣ ከውስጥ መብራት የሚበራባቸው ግዙፍ የጀግኖችና የአጋንንት ምስሎች በጎዳና ይጎተታሉ። እስከ 9 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ቁመት አላቸው። ከኋላቸው «ሃኔቶ» የሚባሉ ዘላዮች «ራሴራ! ራሴራ!» እያሉ ይከተላሉ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ሥርዓቱን የጠበቀ የሃኔቶ ልብስ የለበሰ ሁሉ ያለ ምዝገባ ይገባል። ልብሱ በከተማው ይከራያል፣ አልባሾችም አሉ። ልብሱ ላይ የተንጠለጠሉት ትንንሽ ቃጭሎች ሲዘለል መሬት ላይ ይረግፋሉ። ያነሳው ሰው ዕድል ይቀናዋል ይባላል፤ ልጆች እግር ሥር ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ያመሻሉ። ከዓመታት በፊት ጥቁር የለበሱ ረባሾች ይህን ክፍት በር መጠቀሚያ አድርገውት ስለነበር የልብስ ደንቡ ዛሬ በቁም ነገር ይያዛል። ከ1 ሚሊዮን የኑ መመልከቻ ፊት ለፊት የኪራይ ልብስ ለብሶ የሚዘል ሰው የተሻለ የተዝናና ይመስለኛል።

በቶኩሺማም ልምምድ ለሌለው ሰው የሚሆን «ኒዋካ ሬን» የሚባል ቡድን አለ። እዚያው ደረስ ብሎ እጅና እግር እንዴት እንደሚነሳ ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ መድረክ። በጊፉ ግዛት የምትገኘው ጉጆ ሐቺማን ደግሞ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ከ30 በላይ ምሽቶች ትጨፍራለች። ከኦገስት 13 እስከ 16 ያሉት ምሽቶች እስከ ንጋት ይሄዳሉ። ክቡ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ አይጠየቅም። ከፊት ያለውን ሰው እጅ እያዩ መከተል ነው። ከሁሉም የሚቀለው የሰፈር ኦቦን ጭፈራ ነው። ቶኪዮ ውስጥ በየመናፈሻው አለ። የተጠበሰ ኑድል፣ የተፈጨ በረዶ በሽሮፕ፣ በቀጭን ወረቀት ማጥለያ ቀይ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች። ወረቀቱ ውሃ ሲነካው ይቀደዳል፤ ጨዋታው እሱ ነው።

ጨዋነትን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል። ሚኮሺ ሲያልፍ ፎቅ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት በብዙ ቦታ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ሌላው፣ ከጊዮን ሠረገሎች አንዳንዶቹን ከሰልፉ በፊት ባሉት ቀናት መውጣትና ማየት ይቻላል፤ ከሁሉም ፊት የሚሄደው ናጊናታ ሆኮ ግን ሴት አያስወጣም። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ያስወጣሉ። ይህን ልማድ በጃፓንም የሚተቹት አሉ፣ የሚከላከሉለትም አሉ። በሩ ላይ ከቆመው በጎ ፈቃደኛ ጋር መጨቃጨቅ ግን ጥቅም የለውም።

ለእኛ አንባቢ አንድ የወረቀት ጉዳይ መጨመር ያስፈልጋል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን፣ ነዋሪነቱ ዱባይም ይሁን ሪያድ፣ ቪዛ ግዴታ ነው። በዓሉ ቀኑን ስለማይጠብቅ ሰነዱን ቀድሞ መጀመር ነው። የአኦሞሪና የቶኩሺማ ሆቴሎች በእነዚያ ቀናት ገና ከወራት በፊት ስለሚያልቁ፣ ብዙ ሰው በአጎራባች ከተማ አድሮ በባቡር ይመላለሳል።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ውድ ወንበሩ አይጠፋም። ዋጋው ግን ገበያውን እየለካ ይወጣል ይወርዳል፤ ኪዮቶ ራሷ ከ2023ቱ 400,000 የን በኋላ በቀጣዩ ዓመት ዝቅ አድርጋለች። ትልልቆቹ በዓላት ገንዘብ ያገኛሉ፣ ጠባቂ ይቀጥራሉ፣ ይቀጥላሉ። ትንንሾቹ ወይ ይጣመራሉ ወይ ይቀራሉ። ያለ ልጅ የቀረ መንደር ወንበር ቢሸጥም የሚጎትት አያገኝም። ስለዚህ ለእነሱ የሚሻለው ቱሪስት የሚከፍለው ሳይሆን ገመድ የሚይዘው ነው። ከከተማ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ሄዶ ሚኮሺ የሚሸከም ሰው እየበዛ ከሄደ፣ «እንግዳ» እና «ባለቤት» የሚለው ድንበር መላላቱ አይቀርም። ይህን የማይወዱ ሽማግሌዎች ይኖራሉ። ምርጫቸው ግን ሰፊ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ታክስ ነው። ኪዮቶ ከማርች 2026 ጀምሮ የመኝታ ታክሷን ከፍ አድርጋለች። በአዳር 100,000 የንና ከዚያ በላይ በሚያስከፍል ሆቴል ያደረ ሰው ለአንድ ሌሊት 10,000 የን ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ከወንበር ሽያጭ ይለያል፤ ለከፋዩ ምንም የተለየ ቦታ አይሰጠውም፣ ሥርዓቱንም ፊቱ አያቀርብለትም። የጠባቂውና የሽንት ቤቱ ደረሰኝ ከዚህ ቢከፈል በወንበሩ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ከታክሱ ለሠረገላ ሰፈሮች ስንት ይድረስ የሚለውን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። የገመዱን አስተሳሰር የሚያውቁት አናጢዎች ደግሞ እዚያ ወንበር የላቸውም።